የቦልቴ ፔጆ ፍሬን

ሽማግሌዎቹ መጥተው በሄዱ በሦስተኛው ቀን ሶርሳ የሟች ወንድሙን ፔጆ በክሪክ አንሥቶ አራቱንም ጎማዎቿን ፈታ።

ዘመኑ 1995 ነው፤ ነሐሴ እየተገባደደ ነበር፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታም ወር አይሞላውም። የዳሞታ ተራራ እስከ ቀትር ጉሙን አይገልጥም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ አለ። መኪናዋ ከቤቱ ጀርባ፣ ከእንሰቱ አጠገብ በተሠራላት የቆርቆሮ ጥላ ሥር አሥራ ሰባት ዓመት ቆማለች። ዶሮዎች የኋላ ወንበሯን መታቀፊያ አድርገውታል። ስትገለበጥ የተጨራመተው የግራ በሯ በሽቦ ታስሯል። ሶርሳ ሠላሳ ዓመት የእጅ ሥራ አስተማሪ ሆኖ ኖሮ ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጥቷል፤ መሣሪያ የለመደ እጅ አለው፣ ጊዜም አለው።

«ሰው ጡረታ ሲወጣ ለጊፋታ በሬ ያደልባል» አለችው ሚስቱ ፈጠነች፣ የዶሮዎቹን ገለባ ከወንበሩ ላይ እየጠረገች። «የኔ ባል ብረት ያደልባል።»

«ብሩክታይት ከተዳረች በአባቷ መኪና ትውጣ ብዬ ነው።»

«ከተዳረች ነው የምትለው? ገና አልቆረጥክም ማለት ነው?»

ክሪኩን አንድ ጊዜ አዞረው። እሷም አልደገመችም፤ ለምን እንዳልቆረጠ ታውቃለች።

ብሩክታይት የቦልቴ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ እናቷም ብዙ አልቆየች። ሶርሳና ፈጠነች ናቸው ያሳደጓት፤ ሶርሳን አባባ ትለዋለች። አሁን የፈለጋት የግብርና ቢሮ ሠራተኛው ሄኖክ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጸሎት ቤታቸውም መምጣት ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል። ነውሩ አንድ ብቻ ነው፤ የመካኒኩ የዳልጮ ልጅ ነው። ሽማግሌ ሆነው የመጡት አቶ ወልደመስቀል ጥያቄውን ሲያቀርቡ ሶርሳ «መልሴን ከጊፋታ በፊት እሰጣለሁ» አለ። ከዚያ በፊት መፍታት ያለበት ነገር ነበር። እሱን ሲፈታ ነው መልሱን የሚያውቀው።

በ1978 ቦልቴ ከሶዶ ወደ ተበላ ከተማ ገበያ ሲወርድ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ከኋላ በእግራቸው ይወርዱ የነበሩ ሰዎች ጎማዎቹ ሲጨሱ አይተዋል። መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገብታ ተገለበጠች፤ ቦልቴ ኦቶና ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝቶ አረፈ። ያን ፍሬን ከአምስት ቀን በፊት የሠራው ዳልጮ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ሶርሳ በአደጋነቱ ይተወው ነበር። ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቦልቴ የቀበሌ ኮሚቴ ሳለ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰዱት መካከል የዳልጮ ታናሽ ወንድም ነበረበት። ስም ዝርዝሩ ላይ የፈረመው ቦልቴ ነው። ልጁ ሳይመለስ ቀረ። ዳልጮ በቦልቴ ለቅሶ ዕለት በር ላይ ቆሞ ሳይገባ ሄደ። በአሥራ ሰባቱ ጊፋታ አንድም ጊዜ አስታርቁን ብሎ ሰው አልላከም። በወላይታ ደግሞ የተቀያየመ ሰው ያንን በዓል ቂሙን ይዞ አይሻገርም፤ ዕርቅ የሚፈልግ ግን አስቀድሞ ጥፋቱን መናገር አለበት። ዳልጮ የማይናገረው ጥፋት ባይኖርበት ለምን ዝም ይላል?

የአረቄውም ነገር አለ። ዳልጮ መኪናዋን ባስረከበ ማግስት ሶርሳ ከኋላ ሳጥኗ ውስጥ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ጠርሙስ አገኘ። ውታፉን ሲነቅለው የአረቄ ሽታ ፊቱን መታው። ያኔ ሶርሳ ጌታን ከተቀበለ ዓመት አልሞላውም፤ በእንዲህ ዓይነቱ ነገር የዋዛ አልነበረም። ጠርሙሱን እንሰቱ ሥር ገለበጠው፤ ባዶውን ፈጠነች አጥባ ላምባ አኖረችበት። ሶርሳ ይህን ታሪክ በጸሎት ቤት ስንት ጊዜ መስክሯል! «ፍሬን የሚሠራ እጅ አረቄ ይዞ ነበር፤ እግዚአብሔር ጠርሙሱን አሳየኝ፣ እኔ ግን ምልክቱ አልገባኝም፣ ወንድሜን አላስቀረሁትም» እያለ። ምእመናኑ ከንፈራቸውን ይመጥጡለታል።

አሁን ፍሬኑን ፈትቶ ሊያይ ነው። የተቆረጠ ቱቦ ወይም የላላ ብሎን ካገኘ፣ ብሩክታይት ለዚያ ቤት አትሰጥም።

ከኋላ ጀመረ። የግራውን ሞላ፣ መኪናዋን የሚሸከመውን ብረት፣ ተሰብሮ አገኘው፤ ስትገለበጥ ይሁን ቀድሞ፣ ስብራቱ ዝጎ ስለነበር መለየት አልቻለም። በወረቀት ላይ «የግራ የኋላ ሞላ፣ ስብር» ብሎ ጻፈ። የፈታውን እያንዳንዱን ብሎን በጣሳ አድርጎ ከየትኛው ጎማ እንደወጣ ምልክት አደረገበት። ማታ ማታ መኪናዋን በሸራ ሸፍኖ የግቢውን በር በቁልፍ ይቆልፋል፤ ከዚያ በፊት ቆልፎት አያውቅም።

ሄኖክ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ላግዝዎት» ብሎ መጣ። ሶርሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ማን ላከህ?» አለው።

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም ወዳለበት ተመለስ።»

ብሩክታይት ከመስኮት ሰምታ ነበር። ማታ እራት ላይ ቦይናውን፣ የተቀቀለ ጎደሬውን፣ ሳትነካ ተቀመጠች።

በሳምንቱ ዳልጮ ራሱ መጣ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቁመቱ እንዳለ ነው፣ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በቅንጭቡ ላይ አሻግሮ አየ።

«ሶርሳ፣ ኢሻው» አለ። ወንድሜ ማለቱ ነው። «መኪና ፈታህ አሉኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«መዶሻህ። እስከ መናኸሪያ ይሰማል።» ትንሽ ሳቀ፤ ሶርሳ እንደማይስቅ ሲያይ አቆመ። «ሞላውን ቀይር። የፍሬን ሸራውን ቀይር። ማስተሩን ግን አትፍታ። እንዳለ ጣለውና ሌላ ግዛ።»

«ለምን?»

«አሮጌ ነዋ። ምን ያደርግልሃል?»

«ጋሽ ዳልጮ፣ ማስተሩ ውስጥ ምን አለ?»

 ዳልጮ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ «እኔ ነግሬሃለሁ» አለና ቁልቁል ሄደ።

ሶርሳ ከጀርባው አስተዋለው። የሚቸኩል ሰው አረማመድ ነው። ወደ ቤት ገብቶ ብሩክታይትን ጠራት።

«ማስተሩን ገና አለመፍታቴን ለዚያ ቤት የነገርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ማስተር ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አባባ።»

«ሄኖክ ጠይቆሽ ይሆናል።»

«ሄኖክ የጠየቀኝ ለምን እንደምትጠላው ነው» አለች። «ምን ብዬ እንደምመልስለት ንገረኝ።»

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሶርሳ ማስተሩን ነቀለው። ማስተር ማለት ፔዳል ሲረገጥ ዘይቱን ወደ አራቱ ጎማዎች የሚገፋው ብረት ነው። ቱቦዎቹ ደህና ነበሩ፤ አንዱንም የቆረጠ ወይም ያላላ እጅ አልነበረም። ማስተሩን ሲከፍተው ግን እጁ ላይ ጥቁር፣ የሚያንሸራትት ዘይት ፈሰሰ። በውስጡ ያሉት የጎማ ክዳኖች፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏቸው፣ አብጠው የበሰለ ቦይና መስለዋል፤ በካቻቢቴ ፈልቅቆ ነው ያወጣቸው። የአራቱን ጎማዎች ጎሚኒም ፈታ፤ ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። ጣቱን አሸተተ።

የሞተር ዘይት።

የሞተር ዘይት ጎሚኒን እንደሚያሳብጥ ባለፉት አሥር ዓመታት ለተማሪዎቹ አስተምሯል። ያበጠ ጎሚኒ ዘይቱን ይዞ አይመልስም፤ የፍሬን ሸራው ከጎማው ታምቡር ጋር እየተፋተገ ይግላል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻ አይዝም። የሰዎቹ ወሬ ትክክል ነበር። ይህን ደግሞ መካኒክ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ሳያውቅ የሚሳሳት ሰው አይደለም ዳልጮ።

ሽታው ሌላም ነገር ሊያስታውሰው ሞከረ፤ የሆነ ጠዋት፣ የሆነ ድምፅ። ሶርሳ ንዴቱ መሰለውና አባረረው።

በማግስቱ አቶ ወልደመስቀልን አስጠራቸው፤ ዳልጮንም ይዘው እንዲመጡ ላከባቸው። ጎሚኒዎቹን በቆርቆሮ ሳህን ደርድሮ፣ ከማስተሩ የቀዳውን ዘይት በብርጭቆ አድርጎ፣ ከጥላው ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጠ። ፈጠነችና ብሩክታይት ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ሶርሳ ብሩክታይት እንድትሰማ ፈልጎ ነው።

«አቶ ወልደመስቀል፣ መልሴን ጠይቀውኝ ነበር» አለ። «መልሴ ያውልዎት፣ ሳህኑ ላይ ነው። ወንድሜ ፍሬን ውስጥ የሞተር ዘይት ተሞልቶበት ነው የሞተው።»

ሽማግሌው ሳህኑን አዩ፤ ምንም አልገባቸውም። ዳልጮ ግን ብርጭቆውን አነሣ። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ጣቱን ነክሮ ምላሱ ላይ አደረገ።

«የሞተር ዘይት ነው» አለ።

«አልኩህ እኮ።»

«የሞተር ዘይት ነው!» ድምፁ ከፍ አለ። አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ባርኔጣውን አወለቀ። ሶርሳ ፊቱን ሲያይ ደነገጠ፤ የተያዘ ሰው ፊት አልነበረም። ደስታ ነበር።

«ትስቃለህ?»

«ቆይ። ቆይ ኢሻው፣ ልንገርህ።» ዳልጮ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ያን ጊዜ የፍሬን ዘይት ከየት ይመጣል? በሶዶ ሱቅ የለም፣ በአዲስ አበባም የለም። እኔ ምን አደርግ ነበር? እናቴ ጉሎ ትጨምቃለች። ጉሎ ጎሚኒ አይነካም፤ ብቻውን ግን ይወፍራል። በጠንካራ አረቄ አቀጥነዋለሁ። ግማሽ የሶዶ መኪና በዚያ ነበር የሚቆም። ለቦልቴም የሞላሁት እሱን ነው።»

«ጉሎና አረቄ?» አሉ አቶ ወልደመስቀል።

«ጉሎና አረቄ። ከዚያ የሆነው ሆነ። ተበላ ቆላ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲግል አረቄው ፈልቶ ነው አልኩ። መጠኑን አብዝቼ ነው አልኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሰው ገደልኩ ብዬ ነው የተኛሁ! በለቅሶው በር ላይ ቆሜ እግሬ እምቢ አለኝ። ማስተሩን አትፍታ ያልኩህም ለዚህ ነው። ፈትተህ ጉሎውን ብታገኝ ምን እልሃለሁ?»

«ወንድምህን ያስወሰደብህ ቦልቴ ነው» አለ ሶርሳ። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ነው። ጠልቼዋለሁ፤ አልዋሽህም። የጠላኸውን ሰው ፍሬን ግን አጥብቀህ ነው የምትሠራው፤ ነገ በኔ እንዳይሉ።»

አቶ ወልደመስቀል በከዘራቸው መሬቱን ቧጨሩ። «እንግዲህ አንተ ጉሎ ከሞላህ፣ ይሄ የሞተር ዘይት ከየት መጣ?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው። ሙሉ አድርጌ ነው ያስረከብኩት። ሲጎድል የሚጨምርበትንም ትርፉን በጠርሙስ አድርጌ፣ በቆረቆንዳ ወትፌ፣ ከኋላ ሳጥኑ ውስጥ አኖርኩለት። ከጎኑ የሞተር ዘይት ጠርሙስ ነበረ፤ እንዳይሳሳት በአፌ ነግሬዋለሁ፣ አረቄ የሚሸተው ነው ብዬ።» ዳልጮ ራሱን ነቀነቀ። «ቸኩሎ ይሆናል። ገበያ ሊሄድ ሲል ራሱ ከሌላው ቀድቶ ይሆናል። ነፍሱን ይማር።»

ፈጠነች ወደ ባሏ ዞረች። ብሩክታይትም ዞረች። የጠርሙሱን ምስክርነት ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምታዋለች፤ የቆረቆንዳውን ውታፍ፣ የሽታውን፣ የእንሰቱን ሥር፣ ሁሉንም በቃሏ ታውቃለች። ዳልጮና አቶ ወልደመስቀል ግን የዚያ ጸሎት ቤት ሰዎች አይደሉም፤ ሰምተውት አያውቁም።

ሶርሳ ትናንት ያባረረው ጠዋት ተመልሶ መጣበት። ቦልቴ ቤት ውስጥ ጫማውን እያጠለቀ «ሶርሳ፣ የፍሬኑ ማስተር ትንሽ ጎድሏል፤ ከኋላ ካለው ጠርሙስ ሙላልኝ» ይላል። ሶርሳ የኋላ ሳጥኑን ይከፍታል። አንድ ጠርሙስ ነው ያለው፤ ሌላውን ትናንት ደፍቶታል። ምን ዘይት ነው ሳይል አፉ ድረስ ሞላበት። አንዱን ነገር አሥራ ሰባት ዓመት ሲመሰክረው ኖረ፤ ሌላው ትንሽ የጠዋት ሥራ ነበርና ዳግም አላሰበውም። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጓቸው አያውቅም።

ማንም አላየውም ነበር። ቦልቴ ራሱ ሞላው ቢባል የሚከራከር የለም። ዳልጮ ነፃ ወጥቷል፣ ልጅቷ ትዳራለች፣ ሟች አይከሰስም። ጠርሙሱን መድፋቱን ብሩክታይት ታውቃለች፤ ዘይቱን የሞላው እሱ መሆኑን ግን አታውቅም። ሶርሳ ዓይኗን አየ። እየጠበቀችው ነበር። እሱ ዳልጮን ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ባየበት ዓይን ነበር የምታየው።

«ጠርሙሱን እኔ ደፋሁት» አለ።

«የቱን?» አለ ዳልጮ።

«ያንተን። አረቄ ነው ብዬ። እንሰቱ ሥር።» በእጁ ወደ እንሰቱ አመለከተ። «በማግስቱ ቦልቴ ሙላ አለኝ። የቀረውን ጠርሙስ ሞላሁበት። እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

ዝናቡ ጀመረ። ዳልጮ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዞር ነበር።

«ሳትደፋው ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አረቄ ነው ብዬ ነው አልኩህ።»

«አረቄም ቢሆን» አለ ዳልጮ «ባለቤት አለው።»

ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ በሩን ሶርሳ ከኋላቸው ቆልፎት ነበርና ፈጠነች ሮጣ እስክትከፍትለት ዝናብ ላይ ቆመ። አቶ ወልደመስቀል ተከትለውት ሊወጡ ሲሉ ዘወር አሉ። «እንግዲህ ስለ ልጅቷ ምን ልበላቸው?»

«ከእንግዲህ እኔን አይጠይቁ» አለ ሶርሳ። ወደ ብሩክታይት ሲያይ ቦታዋ ላይ አልነበረችም።

ጎሚኒዎቹና ሞላው በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ከአዲስ አበባ መጡ፤ የታሸገ የፍሬን ዘይትም አብሮ መጣ። ሶርሳ አዲሱን ሞላ አስገባ፣ ቱቦዎቹን በአልኮል አጠበ፣ ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ገጠመ። ዘይቱን ከመሙላቱ በፊት የቆርቆሮውን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበበ። እሑድ ፈጠነች ብቻዋን ጸሎት ቤት ሄደች፤ ሰዎች ሲጠይቋት «ሥራ ይዞት ነው» አለች።

ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ የቀረው አየሩን ማስተንፈስ ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ በአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ ብሎኑን እየከፈተ አየሩን ያስወጣል። ሶርሳ ከመኪናዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማንን እንደሚጠራ ሲያስብ ብሩክታይት ከቤት ወጣች። ሳትናገር በቀኙ በር ገብታ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። ከዚያች ዕለት ወዲህ ባሉት ቀኖች አንድም ጊዜ አባባ ብላ አልጠራችውም፤ ሌላ ስምም አልሰጠችውም።

ሶርሳ ክሪኩን ነካ አድርጎ አየ፣ መኪናዋን የደገፈበትን ግንድ አስተካከለ፣ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፎ ገባ።

«መሃል ያለው ነው። ርገጪው።»

ረገጠች።

«ያዢ፤ ልቀቂ እስክልሽ እንዳትለቂ።»

ብሎኑን ከፈተ፤ በቀጭኗ ጎማ ወደ ብርጭቆው አረፋ ወጣ። ዘጋ። «ልቀቂ።» ደግማ ረገጠች። አረፋው ቀነሰ። ከሥር የሚታየው ወለሉ ብቻ ነው፤ እግሯ ሲጫን ብረቱ ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል።

«ያን ቀን ረግጦት ነበር?» አለች ድንገት።

«ማን?»

«አባቴ።»

ሶርሳ ብርጭቆውን አስተካከለ። «ኦቶና ሲነግረኝ እስከ መጨረሻው ረገጥኩት አለኝ።»

 አንዲት ዶሮ ወደ ጥላው ገብታ ወንበሯን ፈለገች፤ አጥታ ወጣች።

«ሄኖክን እሺ ብዬዋለሁ» አለች ብሩክታይት። «በዚህች መኪና እወጣለሁ። ግን አስቀድሞ ጋሽ ዳልጮ መጥቶ ይፈትሻታል። እሱ ሳያያት አልገባባትም።»

«ይምጣ» አለ ሶርሳ። «ከማስተሩ ጀምሮ ሁሉንም ፈትቶ ይያት።»

«ነግሬዋለሁ። ነገ ይመጣል።»

«ጥሩ። ርገጪ።»

ረገጠች። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ፤ ብረቱ ከራሱ በላይ ጠንከር ሲል ሶርሳ ሰማው። ቁልፉን ብሎኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

«ያዝኩ» አለች።